የሞተር ሰልባትዮ ደጅ ይውረድ

ባለፉት እትሞች በዚህ ቡለቲን ላይ ስለ ፀሐይ ኃይል፣ ስለ ውሃ ተርባይን፣ ስለ ሮቦት ሳይቀር ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች ቀርበዋል። አዘጋጆቹም ጸሐፊዎቹም ሊመሰገኑ ይገባል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ግን ከነዚያ ጋር ሲተያይ ተራ ሊመስል ይችላል፤ የሞተር ብስክሌትን የቤንዚን ሰልባትዮ እቤት ስለማውረድና መልሶ ስለመግጠም ነው። «ይሄ የመካኒክ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልስ አለኝ፣ ቆይቼ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩ የት እንደሚደረግና ለምን እንደሚደረግ ልናገር።

መቱን፣ ጎሬን፣ ሁሩሙን፣ ያዮን፣ ቡሬን የሚያውቅ ሰው ሞተር በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል፣ ብዙ የከተማ ሰው ሞተርን የቀማኛ መሣሪያ አድርጎ ብቻ ማየት ለመደ። ኢሉባቦር ውስጥ ግን ሞተር ማለት የልማት ሠራተኛው እግር ነው። ክትባት የተሸከመው የጤና ሠራተኛ እግር ነው። ቡና የሚሰበስበው ነጋዴም፣ ማር ይዞ ገበያ የሚወጣው ገበሬም በሞተር ነው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ በጅማም ሆነ በነቀምቴ የሚመጣው መንገድ በደሌ ላይ ይገናኛል (በደሌ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ዋና ከተማ ብትሆንም ለእኛ አሁንም የኢሉባቦር በር ናት)፤ ከዚያ በመቱና በጎሬ አልፎ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳል። ይሄ ዋናው መስመር ነው። ከመስመሩ ወጣ ብላችሁ ወደ ቡናው ጫካ፣ ለምሳሌ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ወደ መዘገበው ወደ ያዮ ጫካ ስትገቡ፣ መኪና የሚሄድበት ቀን አለ፣ የማይሄድበት ቀን አለ። ሞተር ግን በጭቃም ቢሆን እየተገፋ ይደርሳል።

ጭቃ ካልኩ ዝናቡን ማንሳቴ ግድ ነው፤ የሰልባትዮው በሽታ ከዝናቡ ይጀምራልና። ጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። አዲስ አበባ የሚዘንበው ከዚያ ብዙ ያነሰ ነው። ያውም የኢሉባቦር ዝናብ የሁለት ወር ተኩል ክረምት ብቻ አይደለም። በበልግ ይጀምርና እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። እንዲህ ያለ አየር ውስጥ ግማሽ ባዶ የሆነ የብረት ዕቃ ስታስቀምጡ ምን እንደሚሆን የሙቀት ትምህርት የወሰደ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ቀን ላይ ሰልባትዮው ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየርና የቤንዚን ትነት ተስፋፍቶ በክዳኑ ቀዳዳ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። እርጥበቱ በብረቱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆንና ይንጠባጠባል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ የውሃን ክብደት 1 ብንል ቤንዚን 0.74 አካባቢ ነው። ስለዚህ ውሃው ታች ይተኛል፤ የተኛበትን ብረት ያዝገዋል።

እንግዲህ ወደ ኪሳችን እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን አዲስ አበባ ውስጥ እንኳን በሊትር ከ100 ብር አለፈ። ክፍያውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲሆን ተደርጓል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ምን እንደሚሆን የገጠር ባለሞተር ይናገር። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ ሰው ወደ ሃይላንድ ይዞራል፤ በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ወደሚሸጠው ማለቴ ነው። ይህን ዓይነቱን ንግድ የሚቀጣ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ሰውየው ቀበሌ ውስጥ ሥራ እየጠበቀው «ማደያው እስኪሞላ ልቁም» አይልም። ውጤቱስ? ከ10 እስከ 12 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሊትር፣ ቢበዛ ሁለት ሊትር ነው ያለው። የቀረው ሁሉ እርጥብ አየር ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የሞተር ሰልባትዮ መዝጊያ ሦስት ቦታ እንዳለው ታውቃላችሁ፦ ዝግ፣ ክፍትና ሪዘርቭ። በውስጥ በኩል ሁለት መግቢያ አለ። ለ«ክፍት» የሚያገለግለው ከወለሉ ከፍ ብሎ የቆመ ቧንቧ ነው፤ ለሪዘርቭ የሚያገለግለው ደግሞ ከወለሉ አጠገብ ይቀዳል። አንድ ሊትር እየገዛ የሚሄድ ሰው ዓመቱን ሙሉ በሪዘርቭ ነው የሚሄደው። ማለትም ውሃው፣ ዝገቱና ከሃይላንዱ የመጣው ቆሻሻ ከተኛበት ቦታ ይጠጣል ማለት ነው። የቤንዚን እጥረት ሞተሩን የሚጎዳው በመጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ሲገኝም ሞተሩ ከድፋዱ እንዲጠጣ ያደርገዋል። ይህን ግንኙነት መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። የአጎቴን ሞተር ስፈታ ነው የገባኝ።

አጎቴ የልማት ሠራተኛ ነው። ሞተሩ የሶር ወንዝ አካባቢ ዳገት ላይ እየሞተ አስቸገረው። ሰልባትዮውን ስናወርደውና ስንገለብጠው መጀመሪያ ቤንዚን ወጣ፣ ቀጥሎ ውሃ ወጣ፣ በመጨረሻ ልክ የቡና አተላ የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ ወጣ። በዚያ ሰሞን ሰፈር ውስጥ ሌሎች ሦስት ሞተሮች አይተናል፤ የአንደኛው ከአጎቴም የባሰ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ይህ ሥራ በኢሉባቦር ከተሞች የሚሠራው እቤት ነው። ጋራዥ ይሻላል ብለን ብንመክርም ወደፊትም እቤት ነው የሚሠራው፤ ምክንያቱም መካኒኩ መቱ ወይም ጎሬ ነው ያለው፣ ሞተሩ ደግሞ የሞተው ሌላ ቦታ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ማንም ያውቃል። አዲስ ሰልባትዮ መግዛት ለደሞዝተኛ ቀልድ ነው። ስለዚህ ሰው ያለውን ያወርዳል፣ ያጥባል፣ ይመልሳል። በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። እኔን የሚያስፈራኝ «እቤት» የሚለው ቃል ነው።

ሞተር የሚያድረው የት ነው? ሳሎን። ሌባ ስለሚፈራ ማታ ማታ ደረጃውን አልፎ፣ ጫማ እንደሚገባው ሁሉ ይገባል። ከሶፋው ጎን ይቆማል። እዚያው ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላል፤ የቡና አገር ነውና በቀን አንዴ ብቻም አይደለም። ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ይቀጥላል። ታዲያ ዝናብ ውጭ ሲወርድ ሰውየው ሞተሩን ለመፍታት የሚመርጠው ቦታ ይኸው ሳሎን ነው፤ ደጁ ጭቃ ነዋ! ቤንዚን ደግሞ እንደ ላምባ አይደለም። ላምባ እሳት እንዲይዝ መጀመሪያ ሞቅ ማለት አለበት፤ ትነቱ የሚቀጣጠለው ከ38 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ቢሆን የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። መቱ ውስጥ ከዜሮ በታች የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ትነቱ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ትነቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም። መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ምንጣፍ ሥር ይገባል፣ የከሰል ምድጃውን ያገኘዋል። ከክፍሉ አየር ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል ያህሉ የቤንዚን ትነት ከሆነ ለመንደድ በቂ ነው። ይህን ያህል ትነት ወለል አጠገብ ለመጠራቀም ደግሞ አንድ ኩባያ የፈሰሰ ቤንዚን ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚያየው ቤንዚኑን ነው፤ «ምድጃው እኮ ሩቅ ነው» ይላል። ምድጃው ከቤንዚኑ ሩቅ ሊሆን ይችላል፣ ከትነቱ ግን ሩቅ አይደለም። ቤቱ ደግሞ የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ወይም ጨርቅ ነው፤ በሩ አንድ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ደግሞ ሞተሩ ነው።

ስለዚህ ሰልባትዮ ደጅ ይውረድ። ዝናብ ከሆነ ዝናቡ እስኪያባራ ይቆይ፤ ወይም በሦስት በኩል ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ይሁን። የምለው ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህቺ ብቻ እንዳትረሳ እለምናለሁ።

ከማውረድ በፊት ደግሞ ማውረድ አስፈላጊ መሆኑን ማጣራት ይቀድማል። እኔ እንዳየሁት በከንቱ የሚወርደው ሰልባትዮ ብዙ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ አምስት አሥር ደቂቃ ይሄዳል፣ ከዚያ አፍኖት ይሞታል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። ባለቤቱ «ቆሻሻ ገብቶበታል» ብሎ መፍታት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑ አየር የሚያስገባበት ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ እሱ በጭቃ ሲደፈን ቤንዚኑ በወጣበት ቦታ የሚተካ አየር አይገባም፤ ሰልባትዮው ውስጥ የአየር ግፊቱ ይቀንስና ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ሞተሩ በሞተበት ቅጽበት ክዳኑን ስትከፍቱት «ፍሽሽ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ፣ በሽታው ታወቀ። ቀጭን ሽቦና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ሁለተኛው ምርመራ ካርቡራተሩ ግርጌ ያለችው ማፍሰሻ ቪቴ ናት። እሷን ላላ አድርጎ የሚወርደውን በንጹሕ ብርጭቆ መቀበልና ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ውሃ ካለ ታች ተለይቶ ይታያል፤ ድንበሩ እንደ መስመር ነው። ከሃይላንድ የተገዛውን ቤንዚንም ከመቅዳት በፊት እንዲሁ ማየት ይቻላል። ላምባ የተቀላቀለበት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣሉበት፤ ንጹሕ ቤንዚን በንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት ግን የቅባት ምልክት ይተዋል። የላቦራቶሪ ምርመራ አይተካም፤ ግን ከምንም ይሻላል።

እሺ፣ ማውረዱ የግድ ሆነ እንበል። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ የጋለ ማርሚታ ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልግም። ብልጭታ እንዳይፈጠር የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ መንቀል ጥሩ ነው። ቀጥሎ መዝጊያው ይዘጋል፤ ወደ ካርቡራተር የሚወርደው ጎማ ማያዣ ሞላው በፒንሳ ተጨምቆ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጎማው እየተጠማዘዘ ይወጣል። በኃይል መጎተት አያስፈልግም፤ ያረጀ ጎማ ይሰነጠቃል። ሰልባትዮው ውስጥ ብዙ ቤንዚን ካለ፣ ረዘም ያለ ጎማ መዝጊያው ላይ ሰክቶ መክፈትና ወደ ጀሪካን ማውረድ ነው። አሥር ሊትር ቤንዚን ከሰባት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ይህን ተሸክሞ በሚንሸራተት መሬት ላይ መቆም ጉብዝና አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቤንዚን በአፍ መሳብ የተለመደ ነው፤ ማደያ አጠገብ ሳይቀር ይታያል። አደገኛነቱ ሆድ ላይ አይደለም፣ ሳንባ ላይ ነው። ጥቂት ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ቁስለት ያስከትላል። የዋጠ ሰው ደግሞ እንዲያስመልሰው ማድረግ ነገሩን ያብሰዋል፣ ሲወጣ እንደገና ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። «ወተት አጠጡት» የሚለው ምክርም ማስመለስን ስለሚያመጣ አይረዳም። መውሰድ ወደ ሐኪም ነው፤ መቱ ካርል ሆስፒታልም ይሁን ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ። በተለይ ሃይላንድ ውስጥ ያለ ቤንዚን ለሕፃን ልጅ ከውሃ አይለይም። ለልጅ እጅ የማይደርስ መደርደሪያ እንኳን በቂ አይደለም፤ ከመኖሪያው ውጭ መሆን አለበት።

ወደ ሥራችን እንመለስ። የጎን ክዳኖቹና መቀመጫው ይነሳሉ። እንደ ቦክሰር ባሉት የተለመዱ የህንድ ሞተሮች ላይ ሰልባትዮው ኋላው ላይ ባለ ቡሎን ይታሰራል፤ ፊቱ ደግሞ ቴላዮው ላይ ባሉ ሁለት ክብ ጎማዎች መሐል ተሰክቶ ይቀመጣል። የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ቁልፍ በቂ ነው። ቡሎኑ ከወጣ በኋላ ኋላውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ መቀመጫው መሳብ ነው፤ ካልመጣ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የቤንዚን መለኪያው ሽቦ ነው። ቀስ ብሎ አንስቶ በእጅ ሥር መፈለግ፣ ማያያዣውን መንቀል፣ ከዚያ መቀጠል። እንደ አንዳንድ የጃፓን ሞተሮች መዝጊያው በሞተሩ ስበት የሚሠራ ከሆነ ሁለተኛ ቀጭን ጎማ ይኖረዋል፤ እሱንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ቡሎኑን፣ ዋሸሩንና ጎማውን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ መደርደር የእኔ ልማድ ነው። አጎቴ ይስቅብኛል፤ ግን ዋሸር ጠፍቶበት ያልፈለገ ሰው የለም።

ለማጠቡ ብዙ መላ አለ፤ እኔ የምመርጠው አቼቶን ነው። መጀመሪያ መዝጊያውንና መለኪያውን መፍታት ያስፈልጋል፣ አሲድ ስለማይስማማቸው። ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ አቼቶ ይሞላና አንድ ሁለት ቀን ይቀመጣል። ዝገቱ የወፈረ ከሆነ ዳዶዎች ከትቶ መነቅነቅ ነው። ታዲያ ስትከቱ ቁጠሩ፣ ስታወጡም ቁጠሩ! ሃያ ገብቶ አሥራ ዘጠኝ ከወጣ ሥራው አላለቀም። ጠጠር የሚጠቀሙም አሉ፤ እኔ አልደግፍም፣ ጠጠር ይፈረፈራልና። ከአቼቶው በኋላ በውሃ ትንሽ ሶዳ በጥብጦ ማጠብ አሲዱን ያጠፋዋል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ፈጥኖ ማድረቅ ነው። እርጥቡ ንጹሕ ብረት በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ቡናማ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጡን አዳርሶ ማፍሰስ የሚጠቅመው። በእሳት ወይም በከሰል ማድረቅ ግን የሚታሰብ አይደለም።

ስለ ብየዳ አጭር ነገር ልበል። የሚያንጠባጥብ ሰልባትዮ ይዞ ብየዳ ቤት የሚሄድ ብዙ ነው። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ሙሉው ቤንዚን ነው፣ ባዶው የትነትና የአየር ድብልቅ ነው። ታጥቦም ቢሆን ዝገቱ ሥር የተሸሸገ ቤንዚን በብየዳው ሙቀት ይተናል። ልምድ ያላቸው በያጆች እስከሚበየደው ቦታ አጠገብ ድረስ ውሃ ይሞሉበታል፣ ትነቱ የሚጠራቀምበት ቦታ እንዳይኖር። ይህን የማያደርግ በያጅ ካጋጠማችሁ ሰልባትዮአችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ቂም አይያዝባችሁም።

መግጠሙ የማውረዱ ግልባጭ ነው ይባላል። በእኔ አስተያየት ግን ከባዱ መግጠሙ ነው፤ ሰው ሲያወርድ ይጠነቀቃል፣ ሲመልስ ይቸኩላል። የፊት ጎማዎቹ ካረጁ ብረት ከብረት እየተፋጨ ሰልባትዮውን ይበላዋል፤ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ ተቆርጦም ቢሆን መተካት አለባቸው። ሰልባትዮው ሲወርድ የጋዝ ካቦውንና ሽቦዎቹን እንዳይጫን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ የተጫነ ካቦ መሪ ሲዞር በራሱ ጋዝ ይሰጣል፣ የተላጠ ሽቦ ደግሞ ከቤንዚኑ አጠገብ ብልጭ ይላል። የመዝጊያው ቪቴዎች ስስ ጥርስ ላይ ስለሚገቡ ጉልበት አይወዱም። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ጥቂት ቤንዚን ጨምሮ፣ መዝጊያውን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ አሥር ደቂቃ መጠበቅና መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ወረቀት መጥረግ ነው። ወረቀቱ ከረጠበ ወደ ቁልፍ አይኬድም። አጠገብ ደረቅ አሸዋ በባልዲ መኖር አለበት፤ የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ መድፋት ቤንዚኑን አንሳፎ ያሰራጨዋል። የሰኔ የግቢ አፈር ጭቃ ስለሆነ አሸዋውን ቀድሞ ማድረቅና መሸፈን ይጠይቃል።

እንግዲህ «ምን አገባን?» ወዳለው አንባቢ ልመለስ። መሐንዲስ መካኒክ አይደለም የሚለውን ክርክር ሰምቼዋለሁ፤ ከመምህራን መካከልም የሚያምኑበት አሉ። በአንድ በኩል እውነት ነው፤ አራት አምስት ዓመት የምንማረው ቡሎን ለመፍታት አይደለም። ግን የትነት ግፊት፣ የፈሳሽ ጥግግት፣ የብረት ዝገት፣ የሚቀጣጠል ድብልቅ መጠን፣ ይሄ ሁሉ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ተፈትነንበታልም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማርነውን የሳሎኑ ሰው አያውቀውም፤ እሱ የሚያውቀውን የመፍታት ጥበብ ደግሞ ብዙዎቻችን አናውቀውም። ሁለቱ ሳይገናኙ የሚከፈለው ዋጋ በልጆች አካል ላይ ነው የሚታየው። ሁለተኛው ክርክር የጋራዥ ሰዎች ነው፤ «ሰው ራሱ ከሠራ እኛ ምን እንበላለን?» የሚል። ይህን ስጋት አልንቀውም። ሆኖም የመቱ መካኒክ የሚኖረው ክላች፣ ፒስተንና ቫልቭ በመሥራት ነው፤ ሰልባትዮ በማጠብ የከበረ መካኒክ አላየሁም። እንዲያውም ባለሞተሩ ሰልባትዮውን በንጽሕና ቢይዝ ካርቡራተር እየደጋገሙ ከመጥረግ ይገላገላሉ።

ከሞተሩ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ፣ ከመጣ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ሰውየው ሥዕሉን አይቶ ያስቀምጠዋል። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለው፣ አራት ገጽ የማይሞላ መመሪያ ማዘጋጀት ለአንድ የመመረቂያ ሥራ ቡድን የሚያንስ አይመስለኝም። በየዓመቱ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጡት ጥራዞች አንዱን ያህል ድካም እንኳን አይጠይቅም። ጽሑፉ ከመዘጋጀቱ በፊት ግን ሥራውን ራሳችን ልንሠራው ይገባል፤ ያውም በወሬ ሳይሆን በእጅ። ወርክሾፑ ጀርባ ቆመው ሣር የበቀለባቸው ሁለት ሞተሮች አሉ። የትምህርት ክፍሉ ፈቃድ ከሰጠ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግቢው ሜዳ ላይ፣ አንዱን አውርደን እንጀምር። የአሥርና የአሥራ ሁለት ቁልፍ እኔ አለኝ፤ ፒንሳና ካቻቪቴ ከጓደኞቼ አይጠፋም። አቼቶውን ካፌው ቢረዳን ጥሩ ነው፤ አምስት ሊትር ይበቃል።